የሳጥኑ ውታፍ

ውታፉን በጉጠት ይዤ እስባለሁ። ይንቀጫቀጫል እንጂ አይወጣም። የወተፍኩት ራሴ ነኝ፤ አርባ ዓመት አልፎታል። ያኔ ሙጫ አልቆጥብም ነበር።

"አባዬ፣ ሾፌሩ ጥሩምባውን ሊሰብረው ነው" ትላለች ልጄ ከደጅ ገብታ።

"ይስበረው።"

"ቸኩያለሁ ይላል።"

"የቸኮለ ሰው ዕቃ ሊጭን ለምን ይመጣል?"

ሳጥኑ የአያቴ ነበር። ከእሱ ለአባቴ፣ ከአባቴ ለእኔ ደረሰ። ዛሬ ልጄ ትወስደዋለች፤ የልጇን መጫወቻ ልትጨምርበት ነው። ውታፉ ደርቆ ተሰንጥቋል። እንዲህ ሆኖ ከአናጺ ቤት አይወጣም። አዲሱን ጠዋት ሠርቼ ኪሴ ውስጥ ይዤዋለሁ።

አክስቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ወደ እኔ ትመለከታለች። የአባቴ ታናሽ ናት፤ ዘጠናን ልትደፍን ነው። ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን የድመት ነው።

"እሱን ነገር ምን አስነካህ?" ትለኛለች።

"ልጠግነው ነው።"

"ጠግነኸው አልነበረም እንዴ?"

ቀዳዳው ከሳጥኑ ፊት ለፊት፣ ከክዳኑ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ነው። አያቴ ልብስ እንዳይሻግት፣ አየር እንዲገባ ብሎ በሳው። በቤታችን የሚታወቀው ይኸው ነው። ሙያዬን ጨርሼ ከመምህሬ እጅ የወጣሁ ሰሞን አባቴን ላስደስት ብዬ ወተፍኩት። ከዚያው ዓይነት እንጨት ፈለግሁ፣ መስመሩን ከመስመሩ አገጣጠምኩ፣ ቫርኒሽ ቀባሁት። ቀዳዳ ነበረ ቢባል ማንም አያምንም። አባቴን ጠርቼ አሳየሁት።

በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ጣቱን አንስቶ ወጣ። በረንዳው ላይ አደረ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ስለ ሥራዬ ክፉም ደግም አልተናገረኝም። ስንት በር ሠራሁ፤ አንዱንም መጥቶ አላየልኝም። አንድ ቃል ነበር የምፈልገው።

እሱ ራሱ በር አይዘጋም ነበር። በቤታችን መቀርቀሪያ የሚባል አልነበረም። ጎረቤቶቻችን "እነሱ ጋ ሌባ ቢገባ ቁጭ በል ይሉታል" እያሉ ይስቁብን ነበር።

ውታፉ ድንገት ለቀቀና ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

ጣቴን በቀዳዳው ዙሪያ አዞራለሁ። ስንጥር ይወጋኛል። ክዳኑን ከፍቼ በውስጥ በኩል እዳብሳለሁ። እዚያ ሰፊ ነው፤ ለስልሷል። እንደገና ውጭውን እነካለሁ። እንጨት ሲበሳ የሚሰነጠቀው መሣሪያው በሚወጣበት በኩል ነው። ይህን ሙያውን የጀመረ ሁሉ ያውቃል። ያኔም ዓይኔ ሥር ነበር። እኔ የማየው ግን የራሴን ሥራ ነበር።

ደግሞም የመሰርሰሪያ ሥራ አይደለም። በምስማር ተፍቆ፣ ብዙ ቀን ተፍቆ የወጣ ነው።

"ይሄ የተበሳው ከውስጥ ነው" እላለሁ።

ልጄ ትስቃለች። "ከውስጥ ማን ይበሳዋል? አይጥ ናታ!"

አክስቴ አትስቅም። "ምስማሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ" ትላለች።

ጥሩምባው ደጅ ይጮሃል። ማንም አይንቀሳቀስም።

"ልጅ ሳለ የሚጥል በሽታ ይጥለው ነበር" ትላለች አክስቴ። "ሲያድግ ለቀቀው። አባታችን ያፍርበት ነበር። እንግዳ ሲመጣ እዚያ ውስጥ ያስገባዋል።"

"ማንን፣ እማማ?" ትላለች ልጄ።

"አያትሽን ነዋ፤ ወንድሜን።" ቀሚሷን በጉልበቷ ላይ ታስተካክላለች። "ቁልፉ ተሰብሮ ነበር። ስለዚህ እኔን ክዳኑ ላይ ያስቀምጠኛል። እግሬ መሬት አይደርስም። እንግዶቹ 'ምን ያለች ጭምት ልጅ ናት' ይሉኛል። ብነሳ ይከፈታል፤ አልነሳም።"

"አያለቅስም ነበር?"

"መጀመሪያ መጀመሪያ ላይ።"

ልጄ ሳጥኑን የተደገፈችበትን እጇን ታነሳለች።

"ቀዳዳው ሲያልቅለት እጄን ከቀሚሴ ሥር አውርጄ ጣቴን ሰደድኩለት። ያዘኝ። ከዚያ ወዲያ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይይዘኛል። እስኪሄዱ ድረስ አይለቀኝም። አባታችን ቀዳዳውን ያየ ቀን ለአየር ነው አለ። ለሰው ሁሉ እንደዚያው ተናገረ።"

ኪሴ ውስጥ አዲሱን ውታፍ ይዤዋለሁ። ላወጣው አልቻልኩም።

"አንተ የወተፍከው ቀን እኔ ጋ መጥቶ ነበር" ትለኛለች።

"ምን አለሽ?"

"'ዘጋው' አለኝ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም። ተቀምጦ ተቀምጦ ሄደ።"

ልጄ ወደ በሩ ትሄዳለች። "ሾፌሩን ልመልሰው" ትላለች በቀስታ፤ ትወጣለች። በሩን ሳትዘጋው ትታዋለች።

አክስቴ እጇን ትዘረጋለች። ደግፌ አመጣታለሁ። ክዳኑን ልዘጋና ላስቀምጣት ስል "ላዩ ላይ አይደለም!" ትለኛለች። እንዲህ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። በርጩማ አመጣሁላት።

እንጨቱን እየዳበሰች ቀዳዳውን ትፈልጋለች። ልመራት እጇን ብይዛት አስለቀቀችኝ። ራሷ አገኘችው። ከስታለች፤ ጣቷ እንደ ልጅ ጣት ሰተት ብሎ ገባ።

ከእሷ ባሻገር ቆሜ ወደ ሳጥኑ ውስጥ አያለሁ። ባዶ ነው። ከጨለማው ግድግዳ የጣቷ ጫፍ ብቅ ብሎ ቆሟል። ይጠብቃል።