የሐዊ ተራ

በዚያ ዘመን ሰው ወደ ዱር ወንዝ እንዲሄድ ሕግ የሚፈቅድለት በዕድሜው አንዴ ብቻ ነበር። ገመቹ ዕድሉን ገና ጎረምሳ ሳለ ባሌ፣ ወብ ወንዝ ላይ ጨርሶት ነበር፤ የዚያ ዓመት በጋ ተራ የሚስቱ የሐዊ ሆነ። ሳሎን ውስጥ ወንበሮቹን ገፋ አድርጎ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ማጥመድ ያስተምራት ጀመር። ከላባ የሠራላትን ዝንብ መሳይ መንጠቆ ምንጣፉ ላይ ወረወረችው።

«ቀስ በይ፣ የኔ እመቤት! ዝንብ እንደ ድንጋይ አይወድቅም» አላት እየሳቀ።

«ምነው ያኔ ብትጠብቀኝ?»

«መች አውቅሽ ነበር? ባውቅሽማ እስክሸብት እጠብቅሽ ነበር።»

ሐዊ የመንገድ ዕቃዋን ስትሸክፍ ሁለት ኩባያ ከተተች። ገመቹ ኩባያዎቹን አየ።

«አንዱን ተይው፣ ይከብድሻል።»

«አይከብደኝም» አለችና ሻንጣውን ዘጋችው።