የክብር ማሊያ

አንጋፋው አጥቂ ጫማውን በሰቀለ ዕለት የክለቡ ሊቀመንበር ማይክ ጨብጠው፣ «ለእሱ ክብር ሲባል ከእንግዲህ ዐሥር ቁጥርን ማንም አይለብሳትም» አሉ። ስታዲየሙ በጭብጨባ ተናጋ። አጥቂው እንደ ሙሽራ እናት ተንሰቀሰቀ።

ቤቱ ሲገባ ግን ሕሊናው ቆረቆረው። ውድድሩ ካለቀ ጀምሮ ትጥቅ ያዡ ጋሽ ድንበሩ ማሊያዋን መልስ ብለው ሲጨቀጭቁት፣ «ጠፍታለች» እያለ ሲምል ነበር የከረመው። ማሊያዋ አልጋው ሥር ናት።

በማግስቱ አጥቦና ተኩሶ ወሰደላቸው።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ለማስታወሻ ብዬ ደብቄያት ነው። እንዲህ ያከበረኝን ክለብ ግን አልሰርቅም። በመስታወት አድርገው ይስቀሏት» አላቸው።

ጋሽ ድንበሩ ማሊያዋን ዘርግተው አገላብጠው አዩ። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ሜዳው ተጣሩ፤

«አንተ አዲሱ አጥቂ፣ ና ልበስ፤ ተገኝታለች።»