በባዝራዋ የጨከነው ቤት

መንደሩ በተሰበሰበበት ቤት፣ ሽማግሌው ማምቤታሊ ሊመርቁ ሁለት እጆቻቸውን ሲዘረጉ የቡሩል ወሽመጥ ቁርጥ አለ። እነዚያ መዳፎች ፊታቸውን ካበሱ ነገሩ አበቃ፤ ከምርቃት በኋላ የሚከራከር ሰው በመንደሩ ታይቶ አይታወቅም። አሥራ አንዱም ቤት ሐሙስ ከነመንጋው ወደ ተራራው ግጦሽ ይወጣል ማለት ነው።

የቡሩል ባዝራ ግን ዛሬ ነገ ትወልዳለች። በዚህ ሆዷ ያንን አቀበት ካወጧት ጽንሱ ይጨነግፍባታል። ቡሩል ደግሞ ባሏ ከሞተ ወዲህ ያለቻት እሷው ብቻ ናት። ቢሆንስ፣ ለአንዲት መበለት ባዝራ ሲባል መንደር ሁሉ ይቁም እንዴት ይባላል? አንገቷን ደፍታ ሻይዋን ፉት አለች።

"ቆይ አባባ፣ እጅዎን እንዳያወርዱ!" አለች የግጦሽ ኮሚቴዋ ጸሐፊ ኑርዛት፣ ስልኳን ከፍ አድርጋ። "ይሄን ሳንሰማ ነው እንዴ የሚመርቁት?"

ኑርዛት ሰሞኑን ስልኩን ቤት ለቤት እያዞረች፣ መቼ እንውጣ በሚለው ላይ እያንዳንዱን ቤት ስልኩ ውስጥ ካለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር ለብቻው ስታነጋግር ነው የከረመችው። ማምቤታሊን ፊት ለፊት እምቢ የሚል አንደበት የለማ! የማንም ስም ሳይነሳ፣ የተባለው ብቻ ተጠቃሎ ሊነገር ተስማምተዋል።

"በይ ቶሎ ይናገር፣ ክንዴ ዛለ" አሉ ሽማግሌው እጃቸው እንደተዘረጋ።

"ሐሙስ እንሂድ ያለው አንድ ቤት ብቻ ነው" አለ ስልኩ። "አሥሩ ቤት፣ የቡሩል ባዝራ ወልዳ የውርንጭላው እግር እስኪጠና እንቆይ ብለዋል።"



"እኔም እኮ ያልኩት ይሄንኑ ነው!" አሉ ማምቤታሊ። "እናንተ የቸኮላችሁ መስሎኝ እንጂ!"

"እኛ ደግሞ እርስዎ የቸኮሉ መስሎን!" አለች የቡሩል ጎረቤት ሻርሼ እየሳቀች።

ቡሩል በደስታ እንባዋ መጣ። አሥር ቤት!

ሽማግሌው ግን አልረኩም። "አንደኛው ማነው? የመበለት ባዝራ እርጉዝ ሆዷን ይዛ ተራራ ትውጣ የሚል? ንገረኝ አንተ!"

"ስም አላነሳም ብዬ ቃል ገብቻለሁ፣ አባባ።"

"እንግዲያው ራሱ ይናገር! አንጀት የለውም? አያፍርም?"

ሰው ሁሉ ጎረቤቱን ጎሪጥ ማየት ጀመረ። ሻርሼ እንኳ ባሏን በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

"ምን አደረግኩ?" አለ ሰውየው።

ቡሩል ሲኒዋን አስቀምጣ እጇን ቀስ ብላ አወጣች። ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

"እኔ ነኝ" አለች። "ሰው አላስቸግር ብዬ…"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ማምቤታሊ እየተንፈቀፈቁ፣ እስካሁን ዘርግተው በያዟቸው መዳፎች የሳቅ እንባቸውን ከፊታቸው አበሱ። መንደሩም አንድ ላይ "አሚን!" ብሎ ፊቱን አበሰ።