ሙህዬ የተሳፈረባት ጀልባ

ሙህዬን ወደ የመን ሲሻገር ባሕር ዋጠው የሚለውን መርዶ ያመጣው አብሮት ተሰዶ የተመለሰው ጓደኛው አረቡ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሙህዬ እናት ወረቀት በቀጫጭኑ እየቆረጠች፣ በመርፌ ላይ እየጠቀለለችና በሙጫ እያጣበቀች ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ ስትሠራ ከረመች። ልጇ መቃብር ስለሌለው ሄዳ የምታለቅስበት የላትም። አረቡ ሊጠይቃት በመጣ ቁጥር ታሳየዋለች፤ እሱም "ልክ እንደዚች ነበረች" ይላታል።

ዛሬ ሸራውን ሰቅላ ጨረሰች። ከወረቀት የጠቀለለችውን ትንሽ ሰው በመዳፏ ይዛ፣ "ልጄ የት ጋ ነበር የተቀመጠው?" ብላ አረቡን ጠየቀችው።

አረቡ ጀልባዋን አየ፣ እሷንም አየ፤ ከዚያ አቀረቀረ።

"እማ፣ ባሕሩ ጋ አልደረሰም። የቀረችውን ውሃ ለእኔ ሰጥቶኝ፣ በረሃው ላይ በጥም ነው የሞተው።"