ሁለቴ ክላክስ

ሚኒባሱ ገና ሳይቆም ኢተፋ የሾፌሩን በር ይዞ አብሮ ይሮጣል። «አየሃት?»

ኦሊቃ ሞተሩን እስኪያጠፋ አይመልስለትም። ከአዳሚ ቱሉ እስከ አዳማ መናኸሪያ ዝናብ ሲደበድበው ነው የመጣው፤ መጀመሪያ አንገቱን ያፍታታል። «አካም ጋሽ ኢተፋ። ሰላምታ እንኳ ቀረ?»

«ፈያ ነው፣ ሰላም ነው። አየሃት ወይ?»

«ዛሬስ ካየኋት ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

ኢተፋ በሩን ይለቀዋል። የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ ነው፤ ወደ ዝዋይና ወደ ሻሸመኔ የሚወጣ መኪና ሁሉ መውጫ ወረቀቱን የሚቀበለው ከእሱ እጅ ነው። አሥራ አራት ዓመት የሰው ልጅ ሲሸኝ ኖሮ፣ የገዛ ልጁን የሸኘው ገና ዘንድሮ ነው። ሜቲ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቷን ጨርሳ፣ ክረምቱን ከጓደኞቿ ጋር በበጎ ፈቃድ ሕፃናት ላስተምር ብላ ተነሳች። መቂ አንድ ሳምንት፣ ዝዋይ አንድ ሳምንት፣ አዳሚ ቱሉ አንድ ሳምንት፣ ከዚያ ላንጋኖ። እናቷ መርቃ ሸኘቻት። እሱን ግን ምርቃት ብቻ አልበቃው አለ።

ከገበያ ቢጫ የዝናብ ካፖርት ገዛላት፤ ከሩቅ የሚታይ፣ ከተሰቀለው ሁሉ ትልቁን።

«አባዬ፣ እዚህ ውስጥ እኮ ሁለት እኔ እገባለሁ» ብላ ሳቀች።

«ይሁን፣ ይሙቅሽ» አላት። ነገሩ የሙቀት አልነበረም። በማግስቱ ለሾፌሮቹ መውጫቸውን ሲሰጥ አደራም አብሮ ይሰጥ ጀመር። ቢጫ የለበሰች ካየህ ልጄ ናት፤ ሁለቴ ክላክስ አድርግላት፤ ስትመለስ ንገረኝ። አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው፤ ሾፌሮቹ እየቀለዱበትም ቢሆን አላጓደሉም። መቂ ላይ ሐብሐብ ስትበላ አይተዋታል። ዝዋይ ሕፃናት ከበዋት ስትሄድ አይተዋታል። አንድ ቀንማ ጫማዋ ጭቃ እንደነካው ሁሉ ነግረውት፣ ማታ እራት አልበላ ብሎ ሚስቱን አስቆጥቷል።

ባለፈው እሑድ ሜቲ ደወለች። «አባዬ፣ ባለፈ ባገደመ መኪና እየተጮኸብኝ ነው። ተማሪዎቼ ‹ቲቸር ክላክስ› ብለው ስም አወጡልኝ። በሞቴ ተዉ በላቸው። ደግሞ እዚህ ድረስ እንዳትመጣ። ከመጣህ ሁለተኛ የምሄድበትን አልነግርህም።»

«እሺ» አለ። ሰኞም እንደ ልማዱ አደራውን ሰጠ።

ከትናንት ቀትር ጀምሮ ግን ስልኳ ተዘግቷል። በደወለ ቁጥር ያቺ የማትሰለች የቴሌ ሴት፣ ልጁን ማግኘት እንደማይችል ትነግረዋለች። ከጠዋት ወዲህ ከዚያ መንገድ ስምንት መኪና ገብቷል፤ ቢጫ ያየ አንድም የለም። ሜቲ ዋና አትችልም። አሁን ያለችው አዳሚ ቱሉ ነው፣ ላንጋኖ ሐይቅ መሄጃዋ ገና ነገ ነው፤ እሱ ግን ከሌሊት ጀምሮ በሐሳቡ ውኃው ውስጥ ነው። ፈርቷል፤ ፍርሃቱን ደግሞ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም።

ዝናቡ ይበረታል። ኢተፋ ከኪሱ ፌስታል አውጥቶ ከቆቡ ላይ ያጠልቃል፤ ክረምት ከበጋ ጣራ በሌለው ሜዳ ላይ ነው ሥራው። እስከ በሩ ሄዶ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል።

«ኦሊቃ፣ ጋቢናውን ለእኔ ያዝልኝ። አብሬህ እሄዳለሁ።»

«ተራውን ማን ሊያስከብር?»

«ይፍረስ።»

ኦሊቃ ቀልዱን ይተዋል። «ጋሽ ኢተፋ፣ ጓደኞቿ ፊት እጇን ይዘው ሊጎትቷት ነው? በክላክሱ እንኳ ተቀይማዎት አልነበር?»

«ያዝልኝ ብያለሁ።»

ረዳቱ «ዝዋይ፣ አዳሚ ቱሉ» እያለ መኪናውን ይሞላል። የኋላው ሞልቶ ጋቢናው ብቻ ሲቀር፣ ከቡልቡላ የመጣ ሚኒባስ በሩን አልፎ ይገባል። በጭጋጋማው መስታወት ውስጥ ቢጫ ነገር አለ።

ኢተፋ ይሮጣል። በሩ ሲከፈት ቢጫውን እጅጌ ጨብጦ «ሜቲ» ይላል።

ቀና ያለችው ሌላ ልጅ ናት፤ ሻሽ ያሰረች፣ የማያውቃት። እሷ ግን አትደነግጥም። ፌስታሉን አይታ ፈገግ ትላለች። «ጋሼ ኢተፋ እርስዎ ነዎት። መኪናው ሳይቆም ሮጦ የሚመጣ፣ ፌስታል ያጠለቀ ሰው እሱ ነው ብላኛለች።»

«የት አለች?»

«ደህና ናት። ዳሊያ እባላለሁ፣ ከአዳሚ ቱሉ፤ ያረፈችው እኛ ቤት ነው። ስልኳ ትናንት ባልዲ ውስጥ ገብቶባት ነው። በእኔ ስልክ እንዳትደውል ቁጥርዎን በቃሏ አታውቀውም። አክስቴ ጋ አዳማ እመጣ ስለነበር፣ ይህን አድርሺልኝ አለችኝ።» ካፖርቱን አውልቃ ትዘረጋለታለች። «‹እኔ የማስተምረው ጣራ ሥር ነው፤ ሜዳ ላይ የሚቆመው እሱ ነው፣ እሱ ይልበሰው› አለች።»

ኢተፋ ካፖርቱን ተቀብሎ ይቆማል። ልጅቷ ጥላዋን ዘርግታ ከሄደች በኋላም እዚያው ነው። ከዚያ ፌስታሉን ከቆቡ ላይ አንስቶ ኪሱ ይከትና ካፖርቱን ይለብሳል። ትከሻው ልክ ነው። እጅጌውም ልክ ነው።

«ጋሽ ኢተፋ፣ ጋቢናው» ይላል ኦሊቃ።

«ሰው አስገባበት።» መውጫ ወረቀቱን በመስኮት ያቀብለዋል። አፉ ለአደራው እንደ ልማዱ ይከፈታል። ምን እንደለበሰች አያውቅም። «ቀስ ብለህ ንዳ» ብቻ ይለዋል።

ሚኒባሱ ጭቃውን እየረጨ ወደ በሩ ይሄዳል። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ፣ ኦሊቃ በጎን መስታወቱ ከዝናቡ መሐል ቢጫውን ያያል፤ ሁለቴ ክላክስ ያደርጋል።