ማህተም የሌለው ልምድ

አባቷ ላፕቶፑን ከነቻርጀሩ አንስቶ የብረት ቁም ሣጥኑ ውስጥ ይከተዋል፤ ሁለት ጊዜ ይቆልፋል። ቁልፉን የሸሚዙ ደረት ኪስ ውስጥ ጣል ያደርግና ኪሱን ከላይ መታ መታ ያደርገዋል።

«በቃ። አሁን ልበሺና እንሂድ። ኢንተርቪው ሦስት ሰዓት ነው። ያንን ሰውዬ ልጄን ቅጠርልኝ ብዬ ስንት ቀን ደጅ ጠንቼ ነው እሺ ያሰኘሁት።»

«አልሄድም ብዬሃለሁ እኮ አባዬ።»

«እንግዲያው ቁጭ በይ። በባዶ እጅሽ ስትጫወቺ አያለሁ።»

ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ እቤት ግን እስከ ዛሬ ሚጡ ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ እዚህ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ የሰው ድረ ገጽ ስትሠራ ኖራለች፤ የሆቴል፣ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ፣ የቤት ዕቃ መሸጫ፣ ያልሠራችው የለም። አለቃ የላትም፤ ደንበኛ ነው ያላት። አባቷ ደግሞ ሠላሳ ሦስት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ነው። ለእሱ ሥራ ማለት ጠዋት ተፈርሞ የሚገባበት፣ ማታ ተፈርሞ የሚወጣበት ቦታ ነው። ትናንት የራሷን ገጽ ከፍታ፣ ምን እንደምትችል፣ ምን እንደምትሠራ፣ ለእነማን እንደሠራች የተዘረዘረበትን ብታሳየው፣ መነጽሩን አድርጎ እስከ ታች አነበበና ‹ልምድ፦ ስድስት ዓመት› የሚለው ላይ ጣቱን ቀሰረ።

«ማነው የፈረመበት? ማህተሙስ የታለ? ማህተም የሌለው ልምድ ወሬ ነው።»

ይቺ ንግግር አንጀቷን አሳርራታለች። ከእሱ ጋር መከራከር ግን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

ስልኳ ይጮኻል። የጥርስ ሐኪሙ ነው፤ የክሊኒኩን ድረ ገጽ ያስረከበችው ትናንት ነው። ሰላምታም የለ።

«እህቴ፣ ምን ጉድ ነው ያመጣሽብኝ? ‹ቀጠሮ ያዙ› የሚለውን ስነካው ዝም ይላል! ሦስት ሰዓት ላይ ለታካሚዎቼ በሙሉ ይላካል ብያለሁ። ካልቻልሽ ንገሪኝ፣ ለድርጅት እሰጠዋለሁ። ድሮም በግሉ የሚሠራ ሰው አትያዝ ብለውኝ ነበር።»

«ይደርሳል ዶክተር» ብላ ትዘጋዋለች።

ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ይሄ ሐኪም ከሄደ፣ የእሱን ገጽ አይተው ሊያሠሯት ያሰቡ ሁለት ክሊኒኮችም አብረው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ አባቷን በምን አፏ ትሟገተዋለች?

አባቷ ሁሉንም ሰምቷል። «ቁልፉን ከፈለግሽ ኢንተርቪው ገብተሽ ስትወጪ» ይላል፣ ፈገግ ብሎ። ትለምነኛለች ብሎ ነው የሚጠብቀው።

ወይ አባዬ! ሥራዋ ሣጥን ውስጥ ያለ መስሎታል። የምትጽፈው ሁሉ የሚቀመጠው ኢንተርኔት ላይ ነው፤ የይለፍ ቃሏን ካስገባች በማንም መሣሪያ ታገኘዋለች። እርግጥ በስልክ ኮድ መጻፍ፣ በበር ቀዳዳ እጅ አስገብቶ ቤት እንደ መጥረግ ነው። ቢሆንም ወንበር ትስብና ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች። ሆን ብላ ነው።

«አራት ፐርሰንት» ትላለች ስልኳን እያየች።

የአባቷ ታላቅ እህት ከጓዳ ብቅ ትላለች። «የእኔ ቻርጀር አለ፣ ግን ካልቆለመሙት አይሠራም።» ገመዱን ትሰካና ጫፉን በሁለት ጣቷ ቆልምማ ትይዘዋለች። «በይ እንዳትነቃነቂ።»

«አንቺ ደግሞ ከማን ወገን ነሽ?» ይላታል ወንድሟ።

«ከቻርጀሩ።»

ሚጡ ገጹን ስልኳ ላይ ትከፍታለች። ‹ቀጠሮ ያዙ› የሚለውን ትነካለች፤ ዝም። ደግማ ትነካለች። የሚነካው ጽሑፉ ሳይሆን ፎቶው ነው! ሐኪሙ ትናንት መጨረሻ ላይ «ላይኛው ፎቶ ተለቅ ይበል» ሲላት አተለቀችው፤ ላፕቶፕ ላይ ብቻ አይታ አስረከበች። ስልክ ላይ ግን የፎቶው ባዶ ጠርዝ ወርዶ ጽሑፉ ላይ ተኝቶበታል። ጥፋቱ የራሷ ነው፣ ማንንም አታማርርም። ላፕቶፑ ፊቷ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ይሄኔ ሌላ ቦታ ስትፈልግ ነበር።

«አገኘሁህ!» ብላ ስትጮህ አክስቷ ገመዱን ልትለቀው ትደርሳለች።

በአውራ ጣቷ አንድ መስመር ትጽፋለች፣ ትሳሳታለች፣ ታጠፋለች፣ ደግማ ትጽፋለች። አሁን ስትነካው የቀጠሮው ሰሌዳ ብድግ ብሎ ይከፈታል። ሐኪሙ ጋ ትደውላለች።

«ይሞክሩት እስቲ።»

«…እንዴ! ተከፈተ። ጎበዝ! በይ የክሊኒኩን ሁለተኛ ቅርንጫፍም አሁኑኑ ጨምሪበት።»

«እጨምራለሁ። ግን ዶክተር፣ ሁለተኛ ለድርጅት እሰጣለሁ ብለው አያስፈራሩኝ። ስሳሳት ይንገሩኝ፣ አርማለሁ።»

«እሺ እህቴ» ይላል ሐኪሙ።

አባቷ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ይገፋዋል። «በይ ውሰጂ።»

«ይቀመጥ። ሥራ ላይ ነኝ።» ቀና እንኳ አትልም።

«ሰውየውንስ ምን ልበለው? አሥር ደቂቃ ነው የቀረው።»

«የለመንከው አንተ ነህ አባዬ፣ እኔ አይደለሁም። የሚሆነውን በለው።»

ከአፏ እንደወጣ አባቷ ያሳዝናታል። ስንት ዓመት ተከብሮ የኖረ ሰው ለእሷ ሲል ነው ደጅ የጠናው። ግን ቃሏን አትመልስም፤ ዛሬ ከመለሰች ነገም ይቆለፍባታል።

አባቷ ተነስቶ መስኮቱ ጋ ይሄድና ይደውላል። «ሃሎ… አዎ፣ እኔ ነኝ። ልጄ አትመጣም። … ኧረ ደኅና ናት፣ አልታመመችም። … ምን ሆነች?»

ዞር ብሎ ያያቸዋል። ልጁ አንገቷን ደፍታ በሁለት አውራ ጣቷ ትጽፋለች፤ እህቱ ገመዱን ቆልምማ ትንፋሿን ይዛለች። ፊቱን ወደ መስኮቱ ይመልስና እንዳይረብሻቸው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

«ሥራ ላይ ናት።»