የበረኛው ነገር

ሂንድ ለአብዮት ጠባቂው ውሃ በጣሳ አቀበለች። ለውትድርና የሚፈለገው ልጇ ከሰውየው ጀርባ፣ ባዶው የእህል ጎታ ውስጥ ተኮራምቶ ነበር።

ሰውየው ጠጥቶ፣ ቤቱን በዓይኑ ቃኝቶ ሊወጣ ሲል፣ ባለፈው ወር በቀበሌው አዳራሽ ከልጇ ጎን ተቀምጦ በቴሌቪዥን ያየው ኳስ ትዝ አለው። «ጉድ የሠራን በረኛው ነው፤ ፈዛዛ!» አለ።

ልጇ ያንን በረኛ ከሚሰድቡበት እሱን ቢገርፉት ይሻለው ነበር። ጎታው ውስጥ የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ። «ያ ረቢ፣ አፉን ያዝልኝ» ብላ በሆዷ ተማጸነች። ኮሽታውን ለመሸፈን ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «እውነትህን ነው ወንድሜ፤ እሱ እንኳን ኳስ ዶሮ አይዝም!» አለች።

ጎታው ጸጥ አለ። አልሐምዱሊላህ ብላ ሳትጨርስ፣ የልጇ ድምፅ በንዴት እየተንቀጠቀጠ ከውስጥ ወጣ።

«እማ፣ አንቺ ደሞ ኳስ የት ታውቂና!»